ምንም የማይወርስ ምስክር

አባቴ ቤቱ የመጣን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት አይችልም። ችግራችን ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ሐሙስ የልብ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀው ነበር። ሐኪሙ የሚናዘዙት ካለ ይጨርሱ ብሎታል። አንድ ቅጽም ሰጥቶታል፤ ሳይነቃ ቢቀር ስለ መተንፈሻው ማሽን የሚወስንለት ሰው ስም የሚሞላበት። ከአባቴ ጋር በዚህ ቤት የምኖረው እኔ ነኝ፤ ስጦረው አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ኪኒኑን እሰጠዋለሁ፣ ካልሲውን አጠልቅለታለሁ፣ በሬዲዮው ጩኸት እነቃለሁ። ሁለቱ ወንድሞቼ በዓመት አንዴ ብቅ ይላሉ። ታላቁ ባለፈው ሲመጣ ሳሎኑን በእርምጃ ሲለካ ዓይቼዋለሁ። ኑዛዜ ከሌለ ቤቱ ተሸጦ ለሦስት ይካፈላል፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ። አባቴ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቤቱ ያንቺ ነው ካለኝ ቆይቷል። ያቃተው መፈረሙ ነው።

የጠራነው ጠበቃ ደንቡን ሰኞ ጠዋት አስረዳን። ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክር የሆነ ሰው ደግሞ ከኑዛዜው ሰባራ መርፌ እንኳ ማግኘት የለበትም። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ገብቶታል ብዬ አመንኩ።

ከሰዓት ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህርና ጸጉር አስተካካዩ መጡ። ጠበቃው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበና ብዕሩን አወጣ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጨምርበት፤ ትልቁ መሰላል ለጋሼ መምህር።»

መምህሩ ኧረ ምን ያስቸግርሃል አለ፤ ዓይኑ ግን ወደ አባቴ የእንጨት ሥራ ክፍል በር ሄዶ ነበር። ጠበቃው ደንቡን ደገመለት። አባቴ ሰውዬው በዚያ ጉልበቱ ተጎትቶ መጥቶ ውኃ ጠጥቶ ብቻ ይሂድ ወይ ሲል ተከራከረ። ከዚያ ለመምህሩ ሰጥቶ ጸጉር አስተካካዩን መዝለል ነውር ሆነበትና ባለክፈፉን መስታወት ለእሱ አደረገ። ጠበቃው ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው።

ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋና ባለ መድኃኒት ቤቱ መጡ። አባቴ ጠዋት ምሎልኝ ነበር። ብዕሩ ወረቀቱን እስኪነካ ድረስም መሐላው ጸና። ልብስ ሰፊዋ፣ እግዜር ይይላትና፣ የስፌት ጠረጴዛዋ እንደሚንገዳገድ አነሳች። በዚያው የአባቴ የሥራ ጠረጴዛ ሄደ፤ ለባለ መድኃኒት ቤቱም የግድግዳው ሰዓት።

ሲሸኙ ልቤ ውልቅ ብሎ፣ ከወደድካቸው ለምን ዛሬውኑ በእጃቸው አትሰጣቸውም አልኩት። ከሆስፒታል ስመለስ በምን ልሠራ ነው አለኝ። እንግዲያው በቃል ንገረኝና እኔ እሰጣለሁ ስለው፣ የሞተ ሰው ቃል ማን ያከብራል ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ረቡዕ ጠበቃው ያለ ወረቀት መጣና አጠገቡ ተቀመጠ።

«አባት፣ የሚጠሉት ሰው አለ?»

አባቴ ብዙ አላሰበም። «ሚሊሜትር» አለ። «ለሱ የዛገ ምስማር አልሰጥም።»

የጠበቃው ፊት በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በራ። ሁለተኛስ የለም ብሎ ጠየቀው። ነበረ፤ በየወሩ ስለ መብራታችን የሚጨቃጨቀው ቆጣሪ አንባቢ።

ሚሊሜትር ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት እንጨት የሠራ ሰው ነው። ለአንዲት ሚሊሜትር ብሎ ያለቀ በር ስለሚያስፈታ ስሙ እዚያው ወጣለት። የአባቴን መላጊያ ተውሶ ሳይመልስ ቀረና ተኳረፉ። መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊታችን እየሠራ፣ ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ የላቸውም።

ወደ ሥራ ቤቱ ስገባ በዚያው መላጊያ እንጨት እየላገ ነበር። ምስክር ሁንልን ስለው እጁን ሳያቆም ሰማኝና ምን ይደርሰኛል አለ። ምንም አልኩት። በጽሑፍ ነው? አለ። አዎ፣ ምንም እንደማይደርስህ በጽሑፍ። እጁን ጠራርጎ ተከተለኝ።

ቆጣሪ አንባቢውም ተጠርቶ ሲመጣ ጠበቃው ወረቀቱን ከቢሮው አምጥቶ ቤቱ የእኔ መሆኑን አነበበ። አባቴ ኮርኒሱን እያየ ምንም አልጨመረበትም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ። ቀጥሎ የሐኪሙ ቅጽ ወጣ። የአንድ ሰው ስም ብቻ ጻፍ ብዬ ከሰኞ ጀምሮ ስለምነው፣ አባቴ ልጆቹን ላለማስቀየም «ሦስቱ ልጆቼ ተስማምተው ይወስኑ» ብሎ ሞልቶታል። እኛ ሦስታችን በውጭው በር ቀለም ለመስማማት ሁለት ዓመት ፈጅተናል። በሩ ዛሬም አልተቀባም።

ሚሊሜትር ቅጹን ተቀበለና የጣውላ ጠርዝ እንደሚያይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከሩቅ አየው።

«ይሄ ጠማማ ነው» አለ።

«የቱ ጋ?» አለ አባቴ። በዘጠኝ ዓመት ለሱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ሦስቱ ጋ። እነሱ እስኪስማሙ አንተ በማሽን እየተነፈስክ ታረጃለህ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ካልሲህን የምታጠልቅልህ ማን ናት? እሷን ጻፋ።»

አባቴ ሦስቱን ሰረዘና የእኔን ስም ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ተስፋ የለውም ካሉሽ አንድ ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ በላይ ማሽኑ የሚበላው መብራት ጥቅሙ ለዚህ ሰውዬ ነው።» በአገጩ ቆጣሪ አንባቢውን አሳየኝ። ቆጣሪ አንባቢው በትሕትና አንገቱን ደፋ።

አባቴ ፈረመ። ምስክሮቹ ፈረሙ። ሚሊሜትር ሊነሳ ሲል አባቴ አፉን ከፈተ። ጠበቃው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው፤ እኔም ተነሳሁ።

«መላጊያዬን መልስ» አለ አባቴ።

ሚሊሜትር ወጣ። ሲመለስ መላጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ደህና ሁን ሳይል ሄደ። ስለቱ አዲስ ተስሎ ያብረቀርቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አባቴን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት እጅጌዬን ያዘኝ።

«መላጊያውን ከኔ በኋላ ለሱ ስጪው። እንዳትጽፊው ግን።»

የሞተ ሰው ቃል ማን ያከብራል አላልክም ወይ ልለው ነበር፤ ተውኩት። እሺ አልኩ። ከዚያማ ተከፈተለት፤ መሰላሉ ለመምህሩ፣ መስታወቱ ለጸጉር አስተካካዩ፣ ጠረጴዛው፣ ሰዓቱ። ኮሪደሩ ረጅም ነው። በሩ ጋ ስንደርስ መዶሻና መጋዝ እንኳ አልቀረኝም። አልጋውን የምትገፋው ነርስ ሳቅ ብላ፣ የኔም ቤት መደርደሪያ ተንጋዶብኛል አለች።

«ውሃ ልኩን ለሷ» አለኝ አባቴ።

«እሺ አባዬ» አልኩት። በሩ ተዘጋ።