ከፊልሙ የወጣው ቃል

ኖቭሌት እናቷን «አንቺ» ብላ አታውቅም። እናቷ ሚስ አይሲልዳ ለቤት ሠራተኝነት ካናዳ ስትሄድ እሷ አምስት ዓመቷ ነበር፤ አክስቷ ዘንድ ቀረች። እናትየው ጡረታ ወጥታ ጃማይካ ስትመለስ ልጅ አርባ ሦስት ሞልቷታል። በመሃል የነበረው በርሜል ብቻ ነው። በየገናው ሩዝ፣ ሳሙናና ለእግሯ ልክ ያልሆነ ጫማ የታጨቀበት በርሜል በመርከብ ይመጣል። መንደሩ እንዲህ ያደጉትን «የበርሜል ልጆች» እያለ ይስቅባቸዋል። የሚስቀው በርሜል ያልመጣለት ነው፤ ቅናት ነው።

አሁን ኖቭሌት ከሼርኔት ጋር ፊልም እየሠራች ነው። ሼርኔትም የበርሜል ልጅ ናት፤ ካሜራ ትይዛለች፣ አፏም አያርፍም። ሁለቱ የየቤታቸውን ቁስል ሊቀርጹ ሲነሱ ኖቭሌት አንድ ደንብ አወጣች። የተናገረ ሰው ሁሉ ፊልሙ ከማለቁ በፊት ቁጭ ብሎ ያያል፤ «ይውጣ» ያለው ይወጣል፤ ክርክር የለም። ጥሩ ደንብ ነው፣ ተራው የገዛ እናት እስኪሆን ድረስ።

ሚስ አይሲልዳ ወር ሙሉ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቷ ስታወራ ከርማ፣ አንድ ቀን በረንዳው ላይ የዳቦ ፍሬ የሚሉትን የአገሩን የዛፍ ፍሬ እየላጠች ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ካናዳ ለሥራ ለመግባት የሚሞላው ፎርም ‹ልጅ አለሽ ወይ› ይላል። ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ‹አለኝ› ብትል መለሷት። እኔ የለኝም ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወረቀቱ በታደሰ ቁጥር የለኝም፣ የለኝም። አንዴ የለኝም ያልኩትን ልጅ ከየት አመጣሁ ብዬ ልውሰድ? ያባርሩኛል። ዜግነቱ ሲገኝ አንቺ ሃያ አልፎሻል። ጫማሽን እንኳ የምገዛው በአሠሪዎቼ ልጅ እግር እየለካሁ ነበር።»

ሼርኔት ካሜራውን እንደያዘች አለቀሰች። ኖቭሌት ግን ደስ አላት። የለያቸው ወረቀት ነበር፤ አልተጣለችም ማለት ነው። ይህን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች፤ አገሩ ሁሉ እንዲሰማላትም ፈለገች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎን ተቀምጠው ፊልሙን አዩ። ሚስ አይሲልዳ መነጽሯን አወለቀች።

«ያ የፎርሙ ነገር ይውጣ።»

«ምን ነካዎት ሚስ አይሲ!» ሼርኔት ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ፊልሙ እኮ እሱ ነው!»

«ጡረታዬ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዋሽታ ነው የገባችው ብለው ቢያቆሙብኝስ?»

«ከስንት ዓመት በኋላ? ማን ጉዳዬ ብሎ!»

«አንቺ አታውቂያቸውም። ሰው ይረሳል፣ ወረቀት አይረሳም።»

ሼርኔት ወደ ኖቭሌት ዞረች። «በይ ተናገሪያ! ደንብሽ ምላስሽን ዋጠው እንዴ?»

እናቷን የምትለምንበት ቃል ኖቭሌት አፍ ላይ ደርሶ ነበር። እናቷ ግን የወለወለችውን መነጽር እንደገና ስትወለውል አየች። ኮምፒዩተሩን ወደ ራሷ ሳበችና የፎርሙን ነገር አጠፋች። ቅጂውንም አጠፋች። የተዘረፈች መሰላት፤ ዘራፊዋም ራሷ። ሼርኔት እየተነጫነጨች ካሜራዋን አንጠልጥላ ወደ መኪናው ወጣች።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሚስ አይሲልዳ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ተባረኪ። አሁን የሚቀርጸን የለም። የቀረሽ ካለ ጠይቂኝ።»

ኖቭሌት ለዓመታት በደብተር ያጠራቀመቻቸው ጥያቄዎች አንዳቸውም አልመጡላትም።

«ናፍቄዎት ነበር?» አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ሆነባትና አፈረች።

እናትየው መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን በዕድሜዋ የዋሸችው ሳይበቃት አልቀረም።

«መጀመሪያ መጀመሪያ እንቅልፍ አልነበረኝም። ግን ልጄ፣ የለኝም የለኝም እያሉ ሲጽፉት… አንድ ዓመት እኔም አመንኩት። የለኝም አልኩ፣ በሆዴም። ቀለለኝ። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ኮት ገዛሁ፣ ጭፈራ ቤት ሄድኩ። የዚያን ዓመት በርሜል አልላክሁም።»

ኖቭሌት አስታወሰች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አክስቷ መርከቡ ዘግይቶ ነው ስላለቻት፣ ከወደብ የሚመጣ የጭነት መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር እየሮጠች መንገድ ትወጣ ነበር፤ እስከ ፋሲካ ድረስ።