አየር በሊታው

ካሜራ ከያዝኩ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ግን ናይሮቢ ውስጥ እኔ ንጆጉ ያላነሣሁት ፊት ካለ፣ ገና ያልተወለደ ሰው ፊት ነው። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር የምወጣው። በኋላ የመኪና መለዋወጫ ሱቄን በጠራራ ፀሐይ እየዘጋሁ መንገድ ለመንገድ መዞር ጀመርኩ። ሰው ካሜራ ካየ ፊቱን ያስተካክላል፤ እኔ የምፈልገው ያልተስተካከለውን ነው። ስለዚህ የዳቦ ከረጢት ቀድጄ ካሜራዬን ከውስጡ ደበቅኩ። የከተማው ሌባ ሁሉ ተሰልፎ ቢመጣ በጣት ፍጥነት አይደርስብኝም።

የሥራዎቼ ቁንጮ ጂቫንጂ መናፈሻ ያነሣሁት ነው። እዚያ ለምሳ ሳንቲም ያጣ ሠራተኛ የሰባኪ ጩኸት እየሰማ ይተኛል፤ «አየር በላ» እንለዋለን። የኔው ሰውዬ ሱፍ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ እንዳይሰረቅ ጫማውን ተንተርሶ፣ ፊቱን በጋዜጣ ሸፍኖ አግዳሚ ላይ ተጋድሟል። እግሮቹ ወደ እኔ ናቸው። የግራ ካልሲው አውራ ጣት ላይ በቢጫ ክር ተጠግኗል። ያን ቢጫ ሳይ ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች! በር የሚያህል አድርጌ አሳተምኩትና ሳሎኔ ሰቀልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ የዋይሪሙ እጮኛ የሙኔኔ ወላጆች ቤታችንን ሊያውቁ መጡ። አባትየው ጊቹሂ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ቃሉ የተመጠነ ሰው ነው። ሚስቱ፣ የሙኔኔ እናት፣ የባሏን ቢሮ ሳታነሣ ሻይ አትጠጣም። እንደ ወጉ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። የተጠበሰ ፍየል ሙኪሞ ከምንለው የድንችና የበቆሎ ፍትፍት ጋር ቀረበ።

እኔ ስለ ፎቶዬ ማውራት የምጀምረው እንግዳ አፉን ሞልቶ ማምለጥ ሲያቅተው ነው።

«አየር በሊታውን አያችሁት?» አልኩ። «ለንደን ድረስ ጠይቀውኝ እምቢ ብያለሁ!»

«እታች ሰፈር ለንደን የሚባል መጠጥ ቤት ተከፈተ እንዴ?» አለች ባለቤቴ ንያምቡራ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«ሱፍ ለብሶ ባዶ ሆድ! ይሄ ሚስቱን ቢሮ እውላለሁ የሚል ነው፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል» አልኩ።

«ፊቱ መቼ ታየና?» አለች ንያምቡራ።

ጊቹሂም ሳቀ፤ ግን ከሁላችንም ቀድሞ አቆመ። ግራ እግሩን ቀስ አድርጎ ከቀኙ ሥር ሲደብቅ አየሁት። ቢጫ ክር።

ሥጋው አፌ ውስጥ ቀረ። የሙኔኔ እናት ተነሥታ ፎቶው ሥር ቆማለች።

«የዋይሪሙ አባት፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ጊቹሂ አየኝ። ያን ያህል ዓመት ስቀጥፍ ኖሬ ለዚያች ደቂቃ የሚሆን አንድ ደህና ውሸት አላስቀመጥኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ካሜራውን ዛፍ ላይ አስሬ ራሴን አነሣሁ። ሱቁ… ሱቁ ቀዝቅዞ ምሳ እንኳ አጥቼ…»

«ካልሲዎን ማን ጠገነልዎት?»

«ሚስቴ።»

ንያምቡራ መርፌ ይዛ አታውቅም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ምንጣፉን እያየች።

«እጅዎ ይባረክ» አለቻት የሙኔኔ እናት። «ስፌቱ የኔን ይመስላል።»

ተመልሳ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ከራሷ ሳህን ጎድኑን አንሥታ የሱ ላይ አኖረችለት።

«ብላ» አለችው በቀስታ። «ከሰኞ ጀምሮ ምሳህን እቋጥርልሃለሁ።»

አቀርቅሮ በላ። ማንም አልሰደበኝም፤ ምነው በሰደቡኝ! ያን ትልቅ ፎቶ ይዛ ግድግዳዋ ብትወድቅብኝ እወድ ነበር።

ሲሄዱ ጎንበስ ብዬ ጫማውን አቀረብኩለት። በመናፈሻው የተንተራሰው ያው ጫማ ነው።

«ጥሩ ፎቶ ነው» አለኝ የአንዱን ጫማ ማሰሪያ እያሰረ።

የሌላኛውን ተንበርክኬ አሰርኩለት። እኔ!