የነሲባን የኋላ በር

ነሲባን በሕይወቷ የሰው ሳንቲም በልታ አታውቅም። ወተት ሻጩ ይመስክር፣ ባለሱቁ ይመስክር። ያም ሆኖ የስፌት መኪና በዱቤ እንዲሰጣት የጠየቀችው ድርጅት ሠራተኛ ትሪቡቫን ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ስልኩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም፣ እህቴ» አላት። «ሰፈርዎ ቀይ ነው።»

እንግዲህ ጉድ እዩ። በስልኩ ካርታ ላይ የህንዷ የባሬሊ ከተማ ቀለም ተቀብታለች፤ ዱቤውን የሚከፍል ሰፈር አረንጓዴ፣ የማይከፍል ቀይ። ነሲባን የምትኖርበት የቁልፍ ሠሪዎች ሰፈር እንደ በርበሬ ቀልቷል። ከአራት ዓመት በፊት ጥቂት ጎረምሶች በዱቤ ስልክ ወስደው እብስ ስላሉ፣ ዛሬ ልብስ ሰፊዋ መበለት ነሲባን ትቀጣለች።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«እርስዎማ ምንም። ሰፈሩ ነው።»

አማቷ እማማ ረህመቱን ከአልጋቸው ሆነው ሳቁ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ነው የምትለን?»

ነሲባን ግን ሳቅ አላማራትም። የሦስት መቶ ተማሪዎች ዩኒፎርም ሥራ አግኝታለች፤ ነጋዴው ደግሞ «እስከ ዓርብ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ካላሳየሽኝ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ያን ሁሉ በእግር በሚረገጠው አሮጌ መኪና መስፋት አባይን በጭልፋ ነው።

«ለመሆኑ» አሉ እማማ ረህመቱን፣ «ያ ስልክህ ቤታችንን በምን ያውቀዋል?»

«ተበዳሪዋን ዋናው በር ላይ አቁሜ ፎቶ አነሣለሁ። የቆመችበትን ቦታ ራሱ ይመዘግባል።»

አሮጊቷ ከአልጋቸው ተነሡ። እንዲህ ቀልጠፍ ብለው ሲነሡ ካየናቸው ዓመት አልፏል። ከማድ ቤቱ ጎን፣ ቁም ሣጥን የጋረደው፣ አሥር ዓመት ያልተከፈተ በር አለ። የሚከፈተው ወደ ሐኪሞች ሰፈር ነው። የሐኪሞች ሰፈር አረንጓዴ ነው።

«ሻይህን ጠጣ፣ ልጄ» አሉት። «ዋናው በራችን አሁን ይመጣል።»

ከዚያማ ምኑ ቅጡ። ጎረቤት ተጠራ። ቁም ሣጥኑ ከነሳህኑ ተንኳኩቶ ተጎተተና የድሮውን በር ዘጋው። የስም ሰሌዳው ተነቅሎ ዞረ፣ የጫማ መጥረጊያው ዞረ፣ ፍየሏም እየጮኸች ዞረች። ትሪቡቫንንም ሻዩን እንደያዘ ከነወንበሩ ተሸክመው አዞሩት። እሱ ያለው ነገር ቢኖር «ስኳር ይጨመርልኝ» ነው።

ነሲባን ሻርፗን አስተካክላ አዲሱ ዋና በር ላይ ቆመች። ትሪቡቫን ስልኩን ቃኘ።

«ገና ቀይ ነዎት። ትንሽ ወደ ፊት።»

ወደ ፊት ቦይ አለ። አንድ እግሯን ከቦዩ ማዶ አደረገች።

«እጅዎ ግን በሩን ይንካ፤ ደንብ ነው።»

በአንድ እጇ የበሩን እጀታ ይዛ ተንጠራራች። ጣሪያ ላይ የወጡት ጎረቤቶች ግማሾቹ «ግራ» ግማሾቹ «ቀኝ» ይሏታል። ፍየሏ የሻርፗን ጫፍ መብላት ጀመረች። ነሲባን ያን ጊዜ ሳቋ መጣ፤ እየተንቀጠቀጠች፣ እንባዋ እየፈሰሰ፣ እጀታውን ግን አልለቀቀችም።

«አረንጓዴ» አለ ትሪቡቫን፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይበርበት። ፎቶውን አነሣ። ትንሽ ጠበቀ። «ጸድቋል። መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣልዎታል።»

ጣሪያው በእልልታ ተናጋ። ነሲባን ቦዩ ዳር ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ጠረገች፤ ፍየሏ በተወችላት ቁራጭ።

ትሪቡቫን ግን አልሄደም። ባርኔጣውን እያሻሸ ቆመ። «እማማ፣ በዚህ በር በኩል የምትከራይ ክፍል አለቻችሁ?» አለ። «ስድስት ዓመት በብስክሌት ስዞር ኖርኩ። ለሞተር ሳይክል ዱቤ ብጠይቅ የራሴው ድርጅት ቀይ ነህ አለኝ።»

እማማ ረህመቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ኪራይ በየወሩ ትከፍላለህ?»

«እከፍላለሁ።»

«የምትኖረው የት ነው?»

«ከባቡር ሐዲዱ ማዶ።»

«ኧረ ወዲያ» አሉ አሮጊቷ። «የሐዲድ ማዶ ሰዎች እኮ አይከፍሉም።»

ነሲባን ቀና ብላ አማቷን አየቻቸው። እማማ ረህመቱን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ትከሻቸው በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ግባ፣ ልጄ፣ ግባ» አሉት። «ካንተ ጋር ግማሽ ቀን ውዬ ለካ ፈሱን ተምሬዋለሁ።»