ሳይሸጥ የተሰናበተው ወርዋሪ

የተጠባባቂዎቹ ወንበር አጠገብ ያለው ስልክ የጮኸው የቤዝቦል ቡድናችን ኳስ ወርዋሪ ዴል ሩስናክ ለሰባተኛው ዙር ሊወጣ ጓንቱን ሲያጠልቅ ነው። አሰልጣኝ ፖላርድ አዳምጦ ዘጋና መጥቶ አቀፈው።

"ምን ሆነሃል?" አለ ዴል። "ሦስት ለባዶ እየመራን እኮ ነው!"

"በቃህ ሽማግሌው! ክንዱ እንዳይጎዳ ከሜዳ አስወጡት ተብለናል። ልትሸጥ ነው። ለዋንጫ የሚጫወት ቡድን ነው የፈለገህ።"

ዴል በአሥራ አራት ዓመት ውርወራ ለዋንጫ ተጫውቶ አያውቅም፤ ከዘንድሮ ወዲያ ደግሞ ትከሻው አይችልም። ስለዚህ አልተከራከረም። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው አቀፉት። የማሳጁ ሰውዬ አለቀሰ። ቴሌቪዥኑም ይህን ሁሉ አሳየ።

ቡድናችን "እንደገና እየተገነባ" ነው። አምስት ዓመት ሲገነባ ከርሟል፤ ጣሪያው ይቅርና መሠረቱን ያየ የለም። ዘዴው ቀላል ነው። በብርዱ ወራት ሌሎች የጣሏቸውን ወርዋሪዎች በርካሽ ይለቅማል፤ ጥሩ መወርወር ሲጀምሩ፣ በሐምሌ መጨረሻ የዝውውሩ መስኮት ሳይዘጋ፣ ጢም ባላወጡ ልጆች ይለውጣቸዋል። ልጆቹ ሲበስሉ ደግሞ እነሱንም ይሸጣል። እኛ ትኬት እንገዛለን። በጅልነት ማን እንደሚበልጥ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

ዴልን የተካው ልጅ በአንድ ዙር አራት ነጥብ ተቆጠረበት። ተሸነፍን።

ዴል መልበሻ ክፍል ውስጥ ዕቃውን ከትቶ ሲጠብቅ፣ የዚያኑ ማታ የዝውውሩ መስኮት ከተዘጋ በኋላ ዋና ሥራ አስኪያጁ ትሬንት ዊልኮት ፈገግ ብሎ ገባ።

"ዴል ወንድሜ፣ የምሥራች! ከእኛ ጋር ነህ።"

"እንዴት ሆኖ?"

"በአንተ ምትክ ሁለት ልጆች እንስጣችሁ አሉ። ሦስተኛ ጨምሩ አልናቸው። ስልኩን ዘጉብን።"

"ለአንድ ጎረምሳ ብላችሁ?"

"ዋጋህን ማርከስ አልፈለግንም። አክብረንህ ነው እኮ!" ትሬንት ሊያቅፈው ክንዱን ዘረጋ።

"ተወው፣ ለዛሬ በቂ ታቅፌያለሁ።"

"እሺ፣ ይሁን። ጋዜጠኞቹ ውጭ እየጠበቁ ነው። 'ፍላጎቴ እዚሁ መቆየት ነበር' በላቸው፤ ሌላ አታብዛ። ለልጆቹም ጥሩ ነው፤ ከአንተ ብዙ ይማራሉ።"

"ምን ሊማሩ? መሰናበት?"

ጥግ ላይ የቆመው አሰልጣኝ ፖላርድ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ደሞዝተኛ ነዋ።

ዴል ተነሳ። የተቀመጠበትን ወንበር እየጎተተ ወጣና ካሜራዎቹ ፊት አቆመው። ጋዜጠኞቹ ማይክራፎናቸውን ሲደቅኑበት ወደ በሩ ዞረ።

"አለቃ፣ ና እዚህ ቁጭ በል። እየመራን ለምን እንደወጣሁ የምታውቀው አንተ ነህ።"

ትሬንት ክራባቱን እየነካካ ብቅ አለ። ካሜራዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ዴል መልሱን ለመስማት አልቆመም፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገላውን ሊታጠብ ሄደ።