የዳማ የጎን አጥንት

ሰፈሩ ሁሉ «ችግር የለም» እያለ ነው የሚጠራው። ትክክለኛ ስሙን የምታስታውሰው ታላቅ እህቱ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ጣሪያው አፈሰሰ ሲሉት ችግር የለም፣ በሩ አልዘጋ አለ ሲሉት ችግር የለም። አናጢ ነው፤ በሙያው አይታማም። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰነፍ ብሎ መስደብም ይከብዳል። ብቻ አንድ ነገር ከበድ ሲለው በአፉ ያቀለዋል፤ ከዚያ ያቀለለውን ራሱ ያምነዋል። ሰውን ለመጉዳት ከዚህ የበለጠ ክፋት አያስፈልግም።

እህቱ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ሆና እንድታገግም ሲወሰን ያሳሰባት ዳማ ነበረች። ዳማ አሮጊት ባዝራ ናት። ባሏ በሞተባት ሰሞን ሴትዮዋን ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ያስነሳቻት እሷ ነች፤ ፈረስ ሐዘንሽ እስኪወጣልሽ ልጠብቅሽ አይልም። የግጦሽ መስኩን አብሯት የሚጠቀመው ጎረቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቦራ የሚባል ገራም ሰንጋ ፈረስ አለው። ሾፌሩ ኑሮው መንገድ ላይ ስለሆነ ለሁለቱም ፈረሶች የምታስበው እሷ ነበረች። አሁን ነገሩ ወንድሟ ላይ ወደቀ።

መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ እንኳ መስኮቱን አስወርዳ ምክሯን አላቆመችም። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ሳሩ አረንጓዴ ይመስላል እንጂ ጉልበት የለውም፤ ድርቆሽ ቶሎ ጀምርላቸው አለችው። አንድ ቦታ እንዳትከምር፣ ክምሩን ከፈረሶቹ ቁጥር በአንድ አስበልጠህ አራርቀህ አስቀምጥ፣ የተባረረ የሚሄድበት ይኑረው አለችው። በመጨረሻ እጁን ያዘች።

«የብርድ ጸጉራቸውን ሲያወጡ ሁሉም የወፈሩ ነው የሚመስሉት። በዓይንህ እንዳትፈርድ። ጎኗን በእጅህ ዳስሳት፣ እሺ?»

ምን እንዳላት መናገር አያስፈልግም።

መጀመሪያ በደንብ ያዛቸው፤ ለዚህስ አይታማም። ከዚያ ሾፌሩ ጉራቻ የምትባል ወጣት ጥቁር ባዝራ ገዝቶ መጣና መስኩ ላይ መንግሥት ተለወጠ። ጉራቻ አትነክስም፣ አትራገጥም። ጆሮዋን ወደኋላ ለጠፍ ታደርግና አንገቷን ትዘረጋለች፤ ዳማ የበላችውን ሳትውጥ ትሄዳለች። ክምሩ ብዙ እስከሆነ ድረስ ይህ ጉዳት አልነበረውም፤ ከአንዱ የተባረረች ወደ ሌላው ትሄዳለች።

ዝናቡ ሲጠና ግን መስኩ ጭቃ ሆነ፣ የእጅ ጋሪው ጎማ አልንቀሳቀስ አለ። ችግር የለም አለና ድርቆሹን በሙሉ እዚያው የመስኩ በር ላይ ገለበጠው። ለዛሬ ብቻ ነው። በማግስቱም ለዛሬ ብቻ ነበር። ጉራቻ ክምሩን ያዘችው፤ ቦራ ከዳር ዳር እንዲለቅም ተፈቀደለት። ዳማ ከመስኩ ጫፍ፣ አጥሩ ሥር ቆማ ያንኑ ጉልበት የሌለው ሳር ትነጫለች። አላየሁም ማለት አይችልም። አይቷል። አሮጊት ጸጥታ ትወዳለች ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ራሱም አመነው።

እህቱ ማታ ማታ ትደውላለች። ዳሰስካት? አዎ እትዬ። እንዴት ናት? ወፍራለች። በስልኩ ፎቶ እያነሳ ይልክላታል፤ ዳማ ጸጉሯ ተነፍቶ ድብልብል ብላ ትታያለች። እህቱ ፎቶውን አብረዋት ፊዚዮቴራፒ ለሚሠሩት ሁሉ እያሳየች ወንድሜ ነው የሚይዝልኝ ትላለች።

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የጣለ ዕለት ለዳማ የብርድ ልብስ ሊያለብሳት ሄደ። የሆዷን ማሰሪያ ሲስብ እጁ ጎኗ ላይ አረፈ። ጣቶቹ ጸጉሩ ውስጥ ጠለቁ። አጥንት፣ ጎድጓዳ፣ አጥንት። በሌላው ጎን ዳበሳት፤ እዚያም ያው ነው። ዳማ ዞር ብላ ኪሱን አሸተተች፣ የሚበላ እንዳለው ብላ።

የእንስሳት ሐኪሟ መጥታ ጥርሷን አየች፣ ልቧን አዳመጠች፣ በሽታ የለባትም አለች። ተርባ ነው። ሰውየው በልቡ «ምነው በሽታ በሆነ» ብሎ ሲጸልይ ነበርና አፈረ። ትተርፋለች ወይ ሲላት፣ ብርዱን ካለፈች አለችው። ለብቻዋ አጥር ከለለላት፤ ዳማ ግን ያባረሯትን እየተጣራች አጥሩን ስትመላለስ ዋለች፣ እህልም አልቀመሰች። ቦራን ሲያስገባላት ጊዜ ረጋ ብላ መብላት ጀመረች። ይህን ሁሉ ለእህቱ በስልክ ሊነግራት እያሰበ፣ ሲደወል ደህና ናት አለ።

ቅዳሜ እህቱ ከሴት ልጇ ጋር እሑድን ልታሳልፍ መጣች። ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር ዳማ ልብሷ ተነስቶላታል። እህቱ በክራንች እየተደገፈች አጥሩ ጋ ደረሰችና ከሩቅ ስታያት ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔ ራሴ እንዲህ አልይዛትም ነበር» አለች ለልጇ። «ይኼን ልጅ ሰው ሲቀልድበት እሰማለሁ። የእኔን ነፍስ ያቆየልኝ እሱ ነው።»

ጭቃው ለክራንች አይሆንም። ከዚህ ሆነሽ ካየሻት ይበቃል ብሎ ወደ ቤት ቢያስገባት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ምርቃቷን ግን መሸከም አቃተው። ገብቶ ዳማን እየሳበ አጥሩ ድረስ አመጣት።

«እትዬ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለና የእህቱን እጅ ጎኗ ላይ አስቀመጠው።

የእህቱ ጣቶች ቀስ ብለው ሄዱ። ቆሙ። እንደገና ሄዱ።

«ስጠይቅህ ዳስሰሃት ነበር?»

«አልነካኋትም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን። ድርቆሹንም በሩ ላይ ነበር የምገለብጠው። ጭቃው ከብዶኝ።»

ስድብ ጠበቀ፤ እንዲያውም ናፈቀው። እህቱ የዳማን አንገት እየደባበሰች ለልጇ ሻንጣዬን አውርጂልኝ አለች፤ ሰኞ ብቻሽን ነው የምትመለሺው። ልጅቷ ደነገጠች። ፊዚዮቴራፒውን ካቋረጥሽ ዕድሜ ልክሽን ታነክሻለሽ ተብለሻል እያለች ለመነቻት። እሱም ምሎ ተገዘተ፤ እዚሁ መስኩ ላይ አድራለሁ፣ ከእጄ አላወጣትም አለ።

«አውቃለሁ» አለችው እህቱ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አሁን በደንብ ትይዛታለህ። እኔ ግን ማታ ደውዬ ስጠይቅህ፣ ምን ብትለኝ ነው የማምንህ?»

ከልጅቷ እጅ ሻንጣውን ተቀብሎ ወደ እህቱ ቤት አቀና። ክራንቿ ጭቃው ውስጥ እየገባ እየወጣ እህቱ ከኋላው ትከተለዋለች። ዞሮ ሊደግፋት ፈለገ፣ ፊቷን ማየት ግን አልቻለም።