ፎይል የለበሱ ጣቶች

ከሳንጃ ሠርግ ከተመለሰች ወዲህ ይመኙሽ ጨው እንኳ የምትቆነጥረው ጣቶቿን ዘርግታ ነው። ጥፍሮቿ እንደ ዛላ በርበሬ ቀልተው ያብለጨልጫሉ። ፀዳ ሰፈር ውስጥ ያላያቸው ሰው ቢኖር ዓይነ ስውሩ የኔታ ብቻ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ወሬውን ሰምተው «በስተርጅና!» ብለዋል አሉ።

የሠራችላት ልጇ ፅዮን ናት። ፅዮን ፒያሳ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ጥፍር ትሠራለች። ለአጎቷ ለአያ አላምረው ልጅ ሠርግ ሲሰናዱ፣ እናቷ እንደ ልማዷ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስትጠመጥም አየቻት። ይመኙሽ አንገቷ ላይ እንቅርት አለባት፤ ፅዮንን ከወለደች ጀምሮ አብሮ ያደገ። ፎቶ አትነሳም። ድግስ ላይ ጥጓን ትይዛለች።

«እጅሽን አምጪ» አለቻት ፅዮን። «ሰው እጅሽን ሲያይ አንገትሽን ይረሳል።»

እንዳለችውም ሆነ። ሳንጃ ላይ ሴቱ ሁሉ እጇን እየያዘ «ምነው አንቺ፣ ተመልሰሽ ኮረዳ ሆንሽ?» ሲላት ዋለ። ይመኙሽ ያን ቀን ነጠላዋ ወደ ትከሻዋ መንሸራተቱን እንኳ ልብ አላለችም።

እንግዲህ ጥፍሩ ገና ታይቶ ሳይጠገብ ነው ስልኩ የጮኸው። ከሆስፒታል ነው። ለነገ ጠዋት ቀዶ ጥገና ተይዞለት የነበረ ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ተራው ለይመኙሽ ደርሷል።

«እስከ አሥር ሰዓት ገብታ መተኛት አለባት» አለች የደወለችው ሲስተር። «ካልደረሳችሁ ቀጣዩን እንጠራለን። ገላዋን ትታጠብ። ጥፍሯ ላይ ደግሞ ቀለም እንዳይኖር።»

«ቀለም?» አለች ፅዮን፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«በማደንዘዣ ስትተኛ ጣቷን የምትቆነጥጥ መሣሪያ አለች፤ አየር በደንብ እያገኘች መሆኗን የምትነግረን እሷ ናት። ብርሃኗ በጥፍር በኩል ስለሚያልፍ ቀለም ካለ ልትሳሳት ትችላለች። የእናትሽ ትንፋሽ ደግሞ ለቀልድ አይሆንም፣ እኅቴ።»

ለቀልድ እንደማይሆን ከፅዮን በላይ የሚያውቅ የለም። እናቷ በጀርባዋ በተኛች ቁጥር ጉሮሮዋ ዘይት እንዳጣ በር ሲር ሲል፣ ተቀምጣ የምታዳምጠው እሷ ናት። እንቅርቱ የአየር ቧንቧውን እየተጫነው መሆኑን ሐኪሙ ነግሯታል። ተራ ሲጠብቁ ክረምት ወጥቶ ክረምት ገብቷል።

የጥፍሯ ቀለም ጄል ነው፤ ጄል ደግሞ እንደ ተራ ቀለም በጥጥ ጠረግ ቢያደርጉት አይለቅም። በመብራት የደረቀ ነገር ድንጋይ ማለት ነው። ሳሎን ወስዳ በኤሌክትሪክ ሞረድ እንዳትፍቀው መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል። ቦርሳዋን ገለበጠችው፦ ቀለም የሚያስለቅቅ ግማሽ ጠርሙስ አሴቶን፣ ጥጥ፣ የእጅ ሞረድ፣ ቫዝሊን። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ከጥግ ሱቅ ገዝታ እየሮጠች ተመለሰች።

ይመኙሽ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ጠበቀቻት።

«ምነው ትንሽ ቢቆይ? የአዘዞዋ ጓደኛዬ ወለተሩፋኤል እንኳ ገና አላየችውም።»

«እማ!»

«ቀለሙ በራሱ ሲለቅ እንሄዳለን አልኩ እንጂ ቀረሁ አላልኩም። እስከዚያ ሌላ ሰው ይጥሩ። የባሰበት ይኖራል።»

«የባሰበትማ አንቺ ነሽ።»

ፅዮን ገብቷታል። እናቷ የፈራችው ቢላዋውን ነው፤ ጥፍሩ ጥሩ ሰበብ ሆነላት። ክርክሩን ትታ እጇን ከነጠላው ውስጥ ጎትታ አወጣች። የጄሉን ላይኛውን አብረቅራቂ ልባስ በሞረድ ፋቀችው። በጥፍሩ ዙሪያ ቆዳው እንዳይደርቅ ቫዝሊን ቀባች። ጥጡን አሴቶን እያጠጣች ጥፍሩ ላይ አስቀመጠችና እያንዳንዱን ጣት በፎይል ጠቀለለች።

ይመኙሽ የብር ጣቶቿን አንስታ አየቻቸው።

«ልክ እንደ እንሶስላ። እኛም በሠርጋችን ሰሞን እንሶስላውን ወቅጠን ጣታችን ላይ እንለጥፍና በጉሎ ቅጠል ጠቅልለን በክር እናስረው ነበር።»

«ያ ለማቅላት ነው፤ ይኼ ለማንሳት። አሁን እንዳትነኪው። እንዳትልጪው። ራሱ ሳይላቀቅ ከጎተትሽው የጥፍርሽን ገበር ይዞ ነው የሚነሳው።»

ሁሉንም ነገረቻት። አንድ ነገር ብቻ ረሳች።

ደጅ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ጌቾ ነው፤ ፅዮን የጠራችው የሰፈሩ ባለ ባጃጅ። ዝናቡ እየበረታ ነበር። ፅዮን ፌስታል ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«ጌቾዬ፣ ትንሽ ጠብቀን።»

«አዘዞ ጋ ጎርፍ መንገዱን ሊቆርጠው ነው እያሉ ነው። ምን ይዟችሁ ነው?»

«ጥፍር።»

«ጥፍር?» ጌቾ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ሆስፒታል ሲሄድ ጥፍሩን ተሠርቶ ነው እንዴ?»

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ከቤት የመጣው የአሴቶን ሽታ አፍንጫዋን መታው። ከሽታው ጋር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ። የከሰል።

ሮጠች።

ይመኙሽ የምሳው ሽሮ የበሰለበት የከሰል ምድጃ ፊት ቁጢጥ ብላለች። ድስቱን አውርዳ ፍሙን ቆስቁሳዋለች። ክዳኑ ያልጠበቀው ጠርሙስ እግሯ ሥር ነው። ፎይል የለበሱት ጣቶቿ ፍሙ ላይ ተዘርግተዋል፤ እያገላበጠች ትሞቃለች።

«እማ! እጅሽን!»

ይመኙሽ ደንግጣ ዞረች። የግራ አውራ ጣቷ ፎይል ተንሸራተተና ከነጥጡ ፍሙ ላይ ወደቀ። እሳቱ ቡፍ ብሎ እስከ ፊቷ ዘለለ። ፅዮን ሁለቱን አንጓዎቿን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻት። ተያይዘው ወደቁ። ጠርሙሱን ከምድጃው ለማራቅ በእግሯ ገፋችው፤ ወደ በሩ ተንከባሎ ክዳኑ ወለቀና ደጃፉ ላይ ተደፋ። የነጠላው ጥለት ጫፍ ሲጨስ በመዳፏ አፍና አጠፋችው። እሳቱ ጥጡን በልቶ እንደመጣው ሄደ።

አሁን የሚሰማው የዝናቡ ድምፅና የይመኙሽ ጉሮሮ ብቻ ሆነ። ሲር። ሲር። ከንፈሯ ጠቆረ። ዓይኗ ፈጠጠ፤ አየሩን ፈልጋ የምታጣው ይመስላል። ፅዮን ቀና አድርጋ አስቀምጣ ጀርባዋን ደገፈች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ሲርታው እየላላ መጣ።

ያኔ ነው ድንጋጤዋ ወደ ንዴት የዞረው።

«አውቀሽ ነው አይደል? እጅሽን አቃጥለሽ ለመቅረት!»

ይመኙሽ ትንፋሿን ሰበሰበች። ነጠላዋን እንኳ ወደ አንገቷ አልሳበችም።

«እንሶስላ እሳት ካልሞቀ አይሠራም» አለች፤ ቃሉ ከትንፋሽ ጋር እየተሻማ። «ጣቴ ደግሞ በረዶ ሆነብኝ። ጌቾ ጥሩምባውን ሲነፋ... ቶሎ እንዲለቅ ብዬ ነው። እንዳይቀረን።»

«እንዳይቀረን?»

«ምነው፣ አማርኛ ጠፋብሽ?»

ፅዮን አንገቷን ደፋች። አሴቶን ከእሳት ጋር እንደማይተያይ ሥራ የጀመረች ቀን ተነግሯታል። እናቷን ግን ማን ይንገራት? እሷው ነበረች።

«ሳልነግርሽ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ነግረሽኝ ቢሆን ደግሞ እሰማሽ ነበር!» ይመኙሽ እጇን ዘረጋችላት። «በይ ቀጥዪ። እሳቱን መጀመሪያ አውጪልኝ።»

ፅዮን ደጃፉን በውሃ አለቅልቃ ምድጃውን ወደ ዝናቡ አወጣች። በሩና መስኮቱ ተከፈቱ። ፎይሉ አንድ በአንድ ሲወልቅ ጄሉ እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ ተሸብሽቦ ተነስቷል፤ ፅዮን በእንጨት እየገፋች አወረደችው። የግራው አውራ ጣት ብቻ እንደ ቀላ ቀረ። ለእሱ አሴቶን አልተረፈም፤ ደጃፉ ጠጥቶታል።

ያቺ ጥፍር ባጃጅ ውስጥ በሞረድ ተፋቀች። መንገዱ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሞረዱ ይስታል።

«ጌቾ፣ ቀስ!» ትላለች ፅዮን።

«ቀስ ስል አሥር ሰዓት ቀስ አይልም» ይላል ጌቾ።

«አንተ ንዳ» ትላለች ይመኙሽ። «ጣት እንደሆነ ትርፍ አለኝ።»

አዘዞ ላይ ጎርፉ መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል። ጌቾ አማትቦ ገባበት። ውሃው እግራቸውን ነካ፤ ሞተሩ አንዴ አስሎ አለፈ። ፅዮን ቀና አላለችም። ጄሉ እየሳሳ ከሥሩ የጥፍሩ ገላ ብቅ ሲል እጇን አቀለለች፤ ከዚህ በላይ ብትሄድ ጥፍሩ ራሱ ይቆስላል፤ ቁስል ያላት ታካሚ ደግሞ ከቀዶ ጥገናው ልትመለስ ትችላለች። ስስ ጽጌረዳ የመሰለ ጥላ ቀረ። ሞረዱን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሲስተሯ በሩ ላይ ሰዓቷን እያየች ነበር። የይመኙሽን እጆች ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻቸው። አውራ ጣቷ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼስ?»

ፅዮን ፈጥና መለሰች። «ጄል ነበር። እስከምችለው ድረስ ፍቄዋለሁ።»

ሲስተሯ ከኪሷ ትንሿን መሣሪያ አውጥታ ያችኑ አውራ ጣት አስነከሰቻት። ቀይ ብርሃን በራ። መስታወቷ ላይ ሰረዝ ብቻ ታየ። ሰረዙ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል። ይመኙሽ ትንፋሿን ይዛለች።

«ይተንፍሱ እንጂ እናቴ» አለች ሲስተሯ። «ትንፋሽ ተይዞ የሚመጣ ቁጥር ምን ያደርግልናል?»

ተነፈሰች። ቁጥሩ መጣ። ሲስተሯ መሣሪያዋን አንስታ ሌላው ጣት ላይ አደረገች፤ ያው ቁጥር መጣ።

«ሸጋ ነው። አልጋዋ ወዲያ ናት።»

ፅዮን እናቷን ይዛ ወደ አልጋው ሄደች።

አልጋው ላይ ይመኙሽ ጥፍሮቿን ተመለከተች። ነጥተው፣ ፈዝዘው፣ ጫፋቸው ተላልጧል።

«አመድ የቆፈረች ዶሮ መሰልኩ።»

«አሴቶን ወዙን መጦት ነው። ጫፉን አሳጥረን በሰሊጥ ዘይት ጠዋት ማታ ካሸነው ይመለሳል። አያ አላምረው የሰጠንን ይዤዋለሁ። እስኪያድግ ድረስ ሌላ ጄል የለም።»

«አሁን ቀቢኛ።»

«ነገ መሣሪያዋ ያዳልጣታል። ስትወጪ።»

ይመኙሽ እጆቿን ብርድ ልብሱ ሥር ከተተች። «ስወጣ» አለች ኋላ፤ ቃሉን ጨው እንደሚቀምስ ሰው ቀስ ብላ።

በማግስቱ ጠዋት የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ተከፍቶ ይመኙሽን ዋጣት። ፅዮን አግዳሚው ላይ የዘይቱን ብልቃጥ በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ትነሳለች፣ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ትቀመጣለች። ብልቃጡ በእጇ ሙቀት ሞቀ። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትሻገር የሚገፋ አልጋ መጣ።

ይመኙሽ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል። አንገቷ ላይ ነጭ ፋሻ አለ፤ ከፋሻው በላይ አገጯ ብቻውን ቆሟል። ፅዮን ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ሲርታ የለም። ትንፋሿ ይገባል፣ ይወጣል፤ ድምፅ የለውም።

«እማ?»

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ደረቅ ጥፍሮች ያሉት እጅ ከሥሩ ወጥቶ ጣቶቹን ዘርግቶ ዘይቱን ጠበቀ።