ቢጫው ዓይን ነው

«ዓይኑ የት አለ?» አለች ሩፋይዳ።

ወንድሟ ዑመይር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኮ በስልኩ መብራት ቀዳዳዎቹን ይፈልጋል። ከአሮጌው የቪዲዮ ማጫወቻ የወጣው ገመድ ሦስት ራስ አለው፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ። አዲሱ ቴሌቪዥን ግን ቢጫ ቀዳዳ የለውም። አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቀይ አለ፣ ከታች ደግሞ ነጭና ሌላ ቀይ። ቡታጅራ ውስጥ የስንቱን ሰው ሳሎን ሆም ቴአትር የገጠመ ባለሙያ፣ በገዛ አባቱ ቤት የሚሰካበት ጠፋው።

«ቢጫው ዓይን ነው፣ ነጭና ቀዩ ሁለቱ ጆሮ» ማለት የእናታቸው የሳሌሃ ነበር። ዑመይር ሱቅ ሲከፍት ደጃፉ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ትውል ነበር፤ ገመድ የሚገዛ ሲመጣ ልጇን ሳትጠብቅ ቢጫው ምስሉን፣ ሁለቱ ድምፁን እንደሚያመጡ እሷው ታስረዳለች። ሰዉም ለመደው። እስከ ዛሬ «እስቲ አንድ ዓይን ስጠኝ» እያለ የሚገዛው ብዙ ነው።

ሳሌሃ ከሞተች ሳምንት አልሞላም። እንደ ደንቡ የዚያኑ ዕለት ተቀበረች። ሩፋይዳ ያኔ ጂዳ ነበረች። ዑመይር ደውሎ እማ ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው አላት፤ ሲደውል ከቀብር ተመልሶ እግሩን እንኳ አልታጠበም። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሽማግሌዎቹ እንዲህ በል አሉት፣ እሱም አለ። ምስኪን፣ የስኳር መድኃኒትና ለስላሳ ጫማ በሻንጣዋ ይዛ መጣች። ቡኢ ከተማን ስታልፍ ደውላ «ደርሳለች በሏት» አለችው። እሺ አላት።

ግቢው በር ላይ የለቅሶውን ድንኳን አየች። ከዚያ ወዲህ ለዑመይር ትንፍሽ አላለችም፤ ዛሬ ከዙህር ሶላት በኋላ ወደ ጓዳ ጠርታው «ፊቷን አሳየኝ» እስክትለው ድረስ።

ቀላል ነገር አልጠየቀችም። ሳሌሃ ፎቶ ጠላቷ ነበር፤ ስልክ ሲነሳባት በሻሿ ትሸፈናለች። መታወቂያዋ ላይ ያለችውማ የተቆጣች የሌላ ሰው እናት ነው የምትመስለው። የቀረው የአጎታቸው የአሚኑ የሰርግ ካሴት ብቻ ነው። እሱም ሻግቷል፣ ማጫወቻው ደግሞ ካሴት መብላት ጀምሯል። አንዴ ከነከሰው አለቀ። ዑመይር እንደ ሱቁ ቀዳዳ እየቀያየረ፣ እያስነሳና እያቆመ ሊሞክር አይችልም።

ሌላው ፍርሃቱ አባታቸው ናቸው። አባ አብዱልሃፊዝ የሟች ምስል መመልከት አይወዱም፤ የሄደን ሰው መጎተት ነው ይላሉ። አሁን ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠዋል፤ በመሃል ያለው አንድ ግድግዳ ነው።

ዑመይር መብራቱን ሲያስጠጋ አረንጓዴው ቀዳዳ ዙሪያ ቀጭን ቢጫ ቀለበት አየ። አረንጓዴውም ቢጫውም ገመድ የሚጋሩት ቀዳዳ ነው። ቢስሚላህ ብሎ ቢጫውን ሰካ፣ ነጭና ቀዩን ከታች፤ ካሴቱን አስገባ።

ማጫወቻው አቃሰተ። ከዚያ ዳስ፣ ሰዎች፣ ትሪዎች መጡ፤ ሁሉም ቀለም አጥቶ አመድ መስሏል። ካሜራው ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«ወዲያ በል፣ ሰው ይብላበት!» አለችው ሳሌሃ ቀራጩን፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ።

ዑመይር ድምፁን መቀነስ ረስቶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ወሬ ጸጥ አለ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና አባ አብዱልሃፊዝ ደፉ ላይ ቆሙ። ዑመይር ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ሩፋይዳ አንጓውን ያዘችው።

«አባ፣ እናንተ ቀብራችኋታል። እኔ አላየኋትም።»

አባታቸው ገቡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት፤ ፍራሹ ጠርዝ ላይ፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀመጡ። ሳሌሃ እንግዶቹን ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ፣ ትላለች። ካሴቱ መንጫጨት ጀምሯል።

«ምን ለብሳለች?» አሉ።

ሩፋይዳ ተጠጋች። «አይለይም አባ። ሁሉም አመድ ነው።»

«ሻሿስ?»

«እሱም።»

ዑመይር የሰካውን ገመድ መልሶ አየው። ከዚያ ገባው፤ ቴሌቪዥኑ የተሰካበት አረንጓዴው ገመድ መስሎታል፣ ቢጫው መሆኑን የነገረው የለም። ካሴቱን ሳይነካ በሪሞቱ የገመድ ምርጫው ውስጥ ገብቶ ወደ ቢጫው ቀየረው። ስክሪኑ ጨለመ፣ ድምፁም ጠፋ። በላው፣ አለ በልቡ፤ እናቴን በላት።

ቀለሙ መጣ።

«ብርቱካናማ ነው!» አለች ሩፋይዳ እያለቀሰች። «አባ፣ ሻሿ ብርቱካናማ ነው። እየሳቀች ነው።»

«እሱን አያምርብሽም ብያት ነበር» አሉ አባ አብዱልሃፊዝ፣ ለግድግዳው። «ያምርባታል?»

ሩፋይዳ የሻሹን ጠርዝ ስክሪኑ ላይ በጣቷ ዳሰሰች። አባታቸው ሰውነታቸውን ሳያንቀሳቅሱ አንገታቸውን ብቻ ቀስ አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። ልጆቹም እንዳላዩ ሆኑ።